ቀይና ቢጫዋ

መድኃኒት የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ሰፈር ውስጥ ስም የላትም፤ "የመድኃኒቷ ልጅ" ናት። ሐኪም አይደለሁም። ፋርማሲስትም አይደለሁም። ኬሚስት ነኝ፤ ሥራዬ መድኃኒቱ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል መኖሩን መለካት እንጂ ማን ምን ይዋጥ ማለት አይደለም። ይህን ባስረዳሁ ቁጥር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ "እሱስ ይሁን፤ እስቲ ይቺን እያት።" ከዚያ ከነጠላ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። ቋጠሮው ውስጥ ያለችው ደግሞ ሁልጊዜ እሷው ናት፦ ቀይና ቢጫዋ ካፕሱል፣ አሞክሳሲሊን የምትባለው አንቲባዮቲክ። ሁለት ፍሬ፣ ቢበዛ ሦስት። ከአምናው ጉሮሮ የተረፈች፣ ለዘንድሮው ጉሮሮ የተቀመጠች።

የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ አንድ እሑድ ቡና ላይ የማሽናችንን ወሬ ሰሙ። "ደህናውንና የተበላሸውን የሚለይ ማሽን እያላችሁ ነው እኔ መነጽር አድርጌ ቀኑን የምፈልገው? በይ ነገ ይዘሽልኝ ሂጂ!" አሉና ሦስት ፍሬያቸውን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። ማሽኑ እንደ ፈታሽ ፖሊስ አንዴ አይቶ "ይለፍ" የሚል መስሏቸዋል። እኔም በትሕትና አስረዳሁ። "እትዬ፣ ደንቡ ቢያንስ ሃያ ካፕሱል ተከፍቶ፣ ዱቄቱ ተቀላቅሎ፣ ተመዝኖ ነው የሚጀመረው። ከዚያ የሚነጻጸርበት፣ ንጽሕናው በሰርተፊኬት የተረጋገጠ አሞክሳሲሊን ያስፈልጋል፤ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። ደግሞም የሥራ ቀን ይፈጃል። እርስዎ ያሉዎት ሦስት ፍሬ ነው።" ትንሽ አሰቡና "እና አሥራ ሰባት ፍሬ ነው የጎደለው?" አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሊነሡ ሲሉ ደነገጥኩ። በግቢያችን ስንት መሳቢያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ሳይመሽ ሃያ ሞልተው፣ ተርፏቸው ይመለሱ ነበር።

ለነገሩ ማሽኑ መታየት የሚገባው ነው። ሃይ ፐርፎርማንስ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ይባላል፤ እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ በፊደሎቹ ኤች ፒ ኤል ሲ እያልን እንጠራዋለን። ልቡ ኮለም የሚባል የብረት ቱቦ ነው፤ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ። ቱቦው በጣም በደቀቀ የሲሊካ ዱቄት ተጠቅጥቋል። ፓምፑ ፈሳሹን በዚያ ውስጥ በኃይል ይገፋል፤ የመድኃኒቱ ናሙና ከአንድ ጠብታ ያነሰች ሆና ትገባና ጉዞ ይጀመራል። በሰፈራችን ሰው ሁሉ ከአንድ ታክሲ እኩል ይወርድ የለ? እኩል ግን ቤቱ አይገባም። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሽው ይላል። አንዷ ደግሞ በየበሩ እየቆመች የልጆቹን፣ የአክስቲቱን፣ የላሚቱን ጤንነት ሳትጠይቅ አታልፍም፤ ለእራት የምትደርሰው ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ኮለም ውስጥም እንዲሁ ነው። ዱቄቱን የሚወድ ውሁድ እየተሳሳመ ይዘገያል፤ ፈሳሹን የሚወድ ቀድሞ ይወጣል። አሞክሳሲሊን ውኃ ወዳድ ስለሆነ ሰላምታ አያበዛም። ሁሉም በየተራው ሲወጣ መውጫው ላይ በዓይን የማይታይ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠብቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተራራ ይሣላል። የተራራው ስፋት ተሰልቶ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይነገራል። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን ማንን ተደግፎ እንደገባ አይሸሸግም። የኛ ሰፈር ሰው ይህን ማሽን ለመድኃኒት ብቻ ማዋላችን ሲገርመው ይኖራል።

የዚህ ሁሉ አባት ሚካኤል ጽቬት የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ዋርሶ ላይ ስለ አዲሱ ዘዴው ንግግር አደረገ፤ የቅጠል ጭማቂን በዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ ሲያሳልፍ አረንጓዴውና ቢጫው ለየብቻ ቀለበት ሠርተው ይታዩት ነበር። ሰውዬው ቀለም በመለየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ተራምዷል፤ እኛ ግን ለጽቬት ታማኝ ሆነን መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ አሁንም ቀለም እንለያለን።

"ያቺን ቀይና ቢጫዋን ስጠኝ።"

"ማዘዣ አለዎት?"

"ማዘዣ ለምኔ? ስሟን አውቃታለሁ፤ ቀይና ቢጫዋ ናት።"

ፋርማሲስቱ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሕጉ ያለ ማዘዣ እንደማይፈቅድ ያስረዳል። ወረፋ ላይ ያለነው ሁሉ በእሱ ድርቅና እናዝናለን። ቀጣዩ ፋርማሲ ሃምሳ እርምጃ ላይ ነው። እዚያ ያለው ልጅ ለሰው ያስባል፤ አይጠይቅም። ግን ሰማያዊ ካፕሱል ቢያወጣ ጉድ ፈላ! "ይቺ እኔን አትስማማኝም። ደሜ የለመደው ቀይና ቢጫዋን ነው።" አንዱ የሕንዱን አይነካም፤ ሌላው የአገር ውስጡን "ቀጭን ነው" ይላል፤ አንዷ ከባሕር ማዶ ዘመድ የላከላትን ለክፉ ቀን አስቀምጣ ክፉው ቀን ሳይመጣ ጊዜው አልፎባታል። ለማሽኑ ግን ናሙና ሲቀርብ መጀመሪያ የሚደረገው ልብሷን አውልቆ መጣል ነው። ቀዩም ቢጫውም የጄላቲን ቅርፊት ነው፤ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። የቀረው ነጭ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ደግሞ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።

ደግሞ ለምን እንደሚገዛ ብትጠይቁ "ለጉንፋን" ነው። አሞክሳሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። የሌለ ግድግዳ ልታፈርስ የተላከች ካፕሱል ሆድ ውስጥ ገብታ ሥራ ታጣለች። ሥራ ያጣ ደግሞ የሚያደርገው አይታወቅም፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ትነካካለች። በማግሥቱ "ኧረ ሆዴን!" እንላለን፤ ጥፋተኛው የማታው ሽሮ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ላቦራቶሪው ስንመለስ፣ ጥንቃቄውን ብታዩ ቤተ መቅደስ የገባችሁ ይመስላችኋል። ሚዛኑ የግራምን አሥር ሺሕኛ ክፍል ያነባል፤ በመስታወት በር የተከለለ ነው፤ ስንመዝን ትንፋሻችንን እንውጣለን፣ የሚያልፍ ሰው ቀስ ብሎ ያልፋል። ፈሳሹ ይጣራል፤ አየሩ ይወጣለታል። የአሜሪካው የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ፣ ፋርማኮፒያ፣ ለአሞክሳሲሊን ካፕሱል የሚፈቅደው ከተጻፈው መጠን ከ90 እስከ 120 ከመቶ ነው፤ 500 ሚሊግራም የተባለችው ካፕሱል ከ450 በታች ከያዘች ወድቃለች፣ ከ600 በላይም ከያዘች ወድቃለች። ይህን ሁሉ አልፋ፣ ተፈርሞባት፣ ማኅተም ተደርጎባት የወጣች ካፕሱል እኛ ግቢ ትደርሳለች። አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ይላጣል። እናት ካፕሱሏን ለሁለት ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ትነሰንሳለች።

"ስንት አደረግሽበት?" አልኳት አንዴ።

"እስኪሸፍነው።"

የሕፃናቱ ሽሮፕ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ድረስ ይበጠበጣል። እንግዲህ "እስከ ምልክቱ" የሚለውን ቃል ለአበሻ እናት መንገር ማለት የጨው ልክ እንደ መንገር ነው፤ በእጇ ታውቀዋለች። አንዷ "እንዳይጎመዝዘው" ብላ ታበዛለች፤ ሌላዋ "ኃይል እንዲኖረው" ብላ ታሳንሳለች። ከተበጠበጠ በኋላ ያለው ዕድሜ አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከማቀዝቀዣ ውጭ 7 ቀን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ 14 ቀን ይባላል። ውኃ የነካው አሞክሳሲሊን የሞለኪውሉ ቀለበት እየተፈታ ስለሚሄድ፣ ማሽኑ ላይ ብታዩት ትልቁ ተራራ እያነሰ አጠገቡ ትንንሽ ኮረብቶች ይበቅላሉ። ጠርሙሱ ግን ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከሰናፍጩ ጎን፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪያድግ ይቆያል። "ግማሹ እኮ አልተነካም፤ እንዴት ይጣላል?" ልክ ነው፣ እንዴት ይጣላል! በዚህ አገር ሰናፍጭ እንኳ አይጣልም።

ስለ ሦስተኛው ቀን ሳላወራ ባልፍ ግቢው አይምረኝም። ሐኪሙ ለሰባት ቀን ካዘዘ እኛ የምናነበው "እስኪሻልህ" ብለን ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉሮሮ ይለቃል፤ ወጥ ይጣፍጣል፤ ካፕሱሏ ትከብዳለች። "ኬሚካል ማብዛት ጥሩ አይደለም" የሚል ጥበብም ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይመጣል፤ ይኸው ሰው ባለፈው ሳምንት ያለ ማዘዣ የገዛው ነው። ሐኪሞች ራሳቸው ዛሬ ዛሬ ለአንዳንድ ሕመም የመውሰጃውን ቀን አሳጥረዋል፤ እነሱ ያሳጠሩት ግን አጥንተው ነው። የላይ ቤቱ ጋሼ ያሳጠሩት ቅዳሜ ሰርግ ስለነበረ ነው። "ጠጅና አንቲባዮቲክ አይሄዱም" ብለው ከሁለቱ ክፉውን ተዉ።

ይህ ነገር የተተነበየው ገና ድሮ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩን ሲያደርግ አንድ ምናባዊ ባልና ሚስት ይዞ ቀረበ። አቶ እገሌ ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ፔኒሲሊን ገዝተው ራሳቸውን ያክማሉ፤ የወሰዱት ግን ጀርሙን ለመግደል አይበቃም፣ እንዲላመድ ለማስተማር ግን ይበቃል። ከዚያ ወይዘሮዋን ያስይዟቸዋል። ወይዘሮዋ የሳንባ ምች ይይዛቸዋል፣ በፔኒሲሊን ይታከማሉ፣ ጀርሙ ግን ትምህርቱን ጨርሷል፤ ይሞታሉ። ፍሌሚንግ ስቶክሆልም ላይ ቆሞ የኛን ግቢ እንዴት እንዳየ አላውቅም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አዘኑ። "አይ፣ እኔስ ባለቤቴን አላስይዝም፤ የምናገረው ስልክ ላይ ነው" አሉ።

ግቢውን ብቻ ካማሁ ግን ግፍ ይሆንብኛል፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበስነው ደግሞ አለን። ሳይንቲስት ነን፤ ማሽኑ ግን ሰው ይወዳል ብለን እናምናለን። አንዲት ባልደረባችን ስትነካው ይሠራል፤ አንዱ ሲቀርበው ግፊቱ ይወጣል። ተራራው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሲወርድ ካየን ማንም ወንበሩን አያንቀሳቅስም፤ መስኮት የከፈተ ሰው ይገሠጻል። መብራት ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ ሁላችንም ወደ ጣሪያው እናያለን፤ ጣሪያው ላይ መብራት ኃይል ያለ ይመስል። ከዚያ ከሌሊቱ ጀምሮ የተሰለፈው ናሙና ሁሉ እንደገና ይሰለፋል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ አማኝ ያልነበረ ያምናል።

ዋናው ጉድ ግን ውጤቱ ሲወጣ ነው። 99.6 ከመቶ ከመጣ ማሽኑ ጎበዝ ነው፣ ሚዛኑ ልክ ነው፣ የመዘነችው ልጅ እጇ ይባረክ፣ ሻይ ይምጣ። ኮለሙ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ፈሳሹ ትናንት ይበጥበጥ ዛሬ፣ የጠየቀ የለም። 87.4 ከመጣ ግን የምርመራ ኮሚሽን ይቋቋማል። "ኮለሙ አርጅቷል።" "ማነጻጸሪያው አሞክሳሲሊን እርጥበት ስቧል።" "ማን ነው የመዘነው?" "ትናንት እኮ መብራት ሄዷል።" "እኔ ድሮም ያ ፊልተር አላማረኝም።" ሁሉም ሰው ይጠረጠራል፤ ጽዳት የምትሠራዋ እናት ሳትቀር መወልወያዋ ላይ ጥያቄ ይነሣባታል። መድኃኒቱ ራሱ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ፣ ሌላ ሰው ሲጠፋ ነው። ይህ የኛ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ መንግሥት ባር ላቦራቶሪስ የተባለውን መድኃኒት አምራች በከሰሰበት ጉዳይ፣ አንድ የፌዴራል ዳኛ የወደቀ ናሙና እስኪያልፍ ድረስ እየደጋገሙ መመርመር እንደማይቻል ወስነዋል። አስቡት፤ ለዚህ ነገር ዳኛ ያስፈልግ ነበር። በደንቡ መሠረት ዛሬ መጀመሪያ ምክንያቱ ይጣራል፣ ይጻፋል፣ ይፈረማል፤ ያለ በቂ ምክንያት መድገም የለም። ስለዚህ አንደግምም። ግን እጃችንን አጣምረን ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ እናየዋለን፤ ሲያፍር ራሱን ይለውጥ እንደሆነ።

ይኸው ማሽን ወተትም ይመረምራል። ላሚቱ ጡቷ ሲታመም አንቲባዮቲክ ይሰጣታል፤ የእንስሳት ሐኪሙም "ይህን ያህል ቀን ወተቷ አይሸጥ" ብሎ ይሄዳል። እሱ በአጥሩ ሲወጣ ወተቱ በበሩ ይወጣል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ፣ በኮዴክስ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ለተባለው አንቲባዮቲክ የተፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር ወተት 100 ማይክሮግራም ነው፤ ለፔኒሲሊን ደግሞ 4 ማይክሮግራም ብቻ። አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ናት። ይህን ለማግኘት እኛ የምንፈልገው መሣሪያ ብዛቱ! የእናቶቻችን ማሰሮ ግን ያለ ኮምፒውተር አንዳንዴ ይደርስበታል፤ መድኃኒት በብዛት ያለበት ወተት እርጎ አይሆንም፣ ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎችም ባክቴሪያ ናቸውና። ታዲያ ወተቱ እንቢ ሲል ግቢው ይሰበሰባል። አንዷ "ዕቃው አልታጠነም፤ በወይራ ደህና አድርገሽ አጥኚው" ትላለች። አንዷ የሰው ዓይን ናት ትላለች፤ የማንን ዓይን እንደሆነም በአገጯ ትጠቁማለች። አንዷ ጨረቃዋን ትቆጥራለች። ያቺ በየበሩ የላም ጤና የምትጠይቀው ሴትዮ እንኳ የዚያን ቀን ሳትጠይቅ አለፈች።

በቀደም አንዱ ባልደረባችን ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ቢሮ ገባ። "አሞክሳሲሊን ያለው ሰው?" አለ። የየጠረጴዛው መሳቢያ እንደ መዝሙር እኩል ተከፈተ፤ የኔም አብሮ። ሁላችንም ኬሚስቶች ነን፣ ሁላችንም ቀይና ቢጫዋን ይዘናል። እሱ ግን እንዲሁ በዋዛ የሚቀበል ሰው አልነበረም። የአንዷን ጊዜዋ ሊያልፍ ነው ብሎ መለሰ። የሌላውን "ይቺ የምርት ባች እኛ ጋ ለምርመራ አልመጣችም" ብሎ ተጠየፈ። የኔን የባች ቁጥር አንብቦ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገ። ውጤቷን አገኘ፤ 99.6። የተራራውን ቅርጽ አሰፍቶ አየው፣ ጅራት እንደሌለው አረጋገጠ፣ ማን እንደፈረመበት አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በሻይ አወራረዳት። ማታ አንድ፣ በማግሥቱ ሁለት ደገመና የተረፈችውን ለኔ መለሰልኝ፤ ሰው የሰው ንብረት አይበላም።

ሰኞ አፍንጫው ደርቆ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። "አየሽ?" አለኝ። "99.6 ያላት መድኃኒት ማለት እንዲህ ናት። ጉንፋኑን ነቅላ ጣለችው!"